ስለ ኤሊ አያያዝ፤ ከቆላ የመጣች ኤሊ በልደታ ግቢ እስክትለማመድ ድረስ ሊደረግላት ስለሚገባው ጥንቃቄ

ከቆላ አገር ተይዛ ወደ አዲስ አበባ የመጣች ኤሊ አብዛኛውን ጊዜ የምትሞተው በረኃብ አይደለም፤ በብርድ፣ በእርጥበትና በሰው እጅ መብዛት ነው። ባለቤቱ ግን እንስሳዪቱ አልበላ ስትለው የምግቡን ዓይነት እየለዋወጠ ጎመንም፣ ሙዝም፣ እንጀራም ያቀርብላታል፤ ልጆችም አንገትዋን ከቅርፊትዋ እንድታወጣ ብለው ይነካኩአታል፤ ጎረቤትም ለማየት ይመጣል፤ ሌሊቱን ደግሞ በሲሚንቶ ላይ ታድራለች። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ከአፍንጫዋ አረፋ መውጣት ይጀምራል። ያን ጊዜ ሐኪም ቢጠራ ብዙውን ጊዜ ዘግይቶአል።

ይህ ጽሑፍ ለክቡራን አስተዳዳሪዎች፣ ለወረዳ ሹማምትና ሰፊ ግቢ ላላቸው ሰዎች እንዲቀርብ የተፈለገበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ኤሊ በስጦታ ስም ወይም ከሕገ ወጥ ነጋዴ እጅ ተይዛ ወደ ሹም ቤትና ወደ መሥሪያ ቤት ግቢ የምትገባበት ጊዜ ስላለ፣ ሹሙ ምን እንዲያደርግ እንደሚገባው አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ሁለተኛው፣ ኤሊ በቅርፊትዋ ሥር ይዛ የምትመጣው መዥገር የከብት፣ የበግና የፍየል ጠላት ስለሆነ፣ ነገሩ ለመዝናኛ ብቻ ተብሎ የሚተው አይደለም።

ስለ ሕጉ

ማናቸውም ሰው ኤሊን ወደ ግቢው ከማስገባቱ አስቀድሞ፣ ኤሊ የዱር እንስሳ እንጂ እንደ ዶሮና እንደ በግ በገበያ የምትገዛ የቤት እንስሳ አለመሆንዋን ሊያውቅ ይገባዋል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳን ማደንና መያዝ፣ በእርሱም መነገድ በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ደንግጎአል። ይህንም የሚመለከት ባለሥልጣን በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 575 ተቋቁሞአል። ከዚያም በፊት ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. ሳይቲስ በሚባለው፣ የመጥፋት አደጋ ባለባቸው የዱር እንስሳትና ዕፀዋት የሚደረገውን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ውል ገብታለች። የየብስ ኤሊዎች ሁሉ በዚህ ውል መዝገብ የተጻፉ ስለሆኑ፣ አንዲትም ብትሆን ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር ልትሻገር አይገባትም።

ስለዚህ ባላገር ለሹም ክብር ሲል ኤሊ በከረጢት ይዞ ቢመጣ፣ ሹሙ በመልካም ቃል ይመልሰው እንጂ ስጦታውን አይቀበል። የዛሬዪቱን አንዲት ኤሊ በደስታ ቢቀበል በሚመጣው ወር አሥር ይመጡለታል። ከነጋዴ የተያዙትንም ቢሆን በአቅራቢያው ባለ ቁጥቋጦ መልቀቅ ትልቅ ስሕተት ነው። ከቦረና የመጣች ኤሊ በእንጦጦ ወይም በአቃቂ ብትለቀቅ ክረምቱን አታልፈውም፤ ኤሊዎች በሚኖሩበት ሌላ ቆላ ብትለቀቅም በጉዞና በመታጎር የያዛትን በሽታ ለዚያ አገር ኤሊዎች ታዳርሳለች። የተያዙበትን ሥፍራና ቀን በጽሑፍ አድርጎ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ማስታወቅ፣ እርሱም ወደሚያዘው ሥፍራ መላክ ይገባል። ከእንዲህ ያሉ ሥፍራዎች አንዱ በሆለታ አቅራቢያ ያለው እንስሳ ኮቴ የተባለው የዱር እንስሳት መጠለያ ነው።

ትእዛዝ እስኪመጣ ድረስ ግን ቀናትም ሳምንታትም ሊያልፉ ይችላሉ፤ ፈቃድ አግኝተው የሚያኖሩም፣ በአሮጌ ግቢ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የኖረች ኤሊ ወርሰው አሁን ለመሥሪያ ቤቱ የሚያስመዘግቡም ሰዎች አሉ። ከዚህ በታች የሚነገረው ለእነዚህ ሁሉ ነው። ምሳሌውንም በልደታ አድርገነዋል፤ ከፍታውና ብርዱ ከልደታ ጋራ በሚመሳሰል በማናቸውም የደጋ ከተማ ግን ነገሩ አንድ ነው።

የመጣችበትንና የገባችበትን አገር ስለ ማመዛዘን

በአገራችን በሰው እጅ ብዙ ጊዜ የምትገኘው፣ በቢጫማ መደብ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላትና ስለዚህም ነብርማ ኤሊ የምትባለው ናት። መኖሪያዋ በአዋሽ፣ በስምጥ ሸለቆው ሜዳዎች፣ በቦረናና ወደ ደቡብ በሚወርደው የግራር አገር ነው፤ ከአፍሪቃ ቀንድ ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪቃ ድረስም ትገኛለች። በውሃ ዳር የምትኖረው ጠፍጣፋዪቱ የውሃ ኤሊ ሌላ ናት፤ እርስዋ ሥጋና ዓሣ ትበላለች፣ ያለ ውሃም አትኖርም፤ ስለዚህ የአንደኛዪቱ አያያዝ ለሁለተኛዪቱ አይሆንም።

እንግዴህ የአዋሽ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ያህል ነው፤ ልደታ ግን ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ አለው። አንድ ሰው ጧት ከአዋሽ ተነሥቶ ከሰዓት በኋላ ልደታ ቢደርስ ብርዱን ካፖርት ደርቦ ይችለዋል። ኤሊ ግን ከሰውነትዋ ሙቀት አታመነጭም፤ ከፀሐይና ከሞቀ መሬት ትቀበላለች እንጂ። ሰውነትዋ ሲቀዘቅዝ እግርዋ ብቻ ሳይሆን ሆድዋም ሥራውን ያቆማል፤ የበላችውም ምግብ ሳይፈጭ በአንጀትዋ ውስጥ ይቦካል። ከዚህ የተነሣ የቀዘቀዘችን ኤሊ እንድትበላ ማባበል በሽታ መጨመር ነው። መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ውሃ፣ ከዚያ በኋላ ምግብ፤ የዚህ ትምህርት ሁሉ ሥር ይኸው ነው።

ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱበት ሌላም ነገር አለ። የውጭ አገር መጻሕፍት ኤሊ ክረምቱን በሣጥን ውስጥ ተኝታ ታሳልፋለች ይላሉ። ይህ ስለ ሜዲተራኒያን ባሕር አገር ኤሊዎች የተጻፈ ነው፤ በዚያም ክረምት የሚባለው የብርድ ወራት ነው። የእኛዪቱ ነብርማ ኤሊ የክረምት እንቅልፍ የላትም። በሐምሌ ደንዝዛ ጥግ ይዛ ብትገኝ አንቀላፋች ተብሎ በጭድ ተሸፍና መተው የለባትም፤ በብርድ እየደከመች ናትና።

ልደታ ለኤሊ ፈጽሞ የማይስማማ ሥፍራ ነው ማለታችን ግን አይደለም። ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ ኤሊም ቅርፊትዋንና አጥንትዋን የምታጠነክርበትን ቫይታሚን ዲ የምታገኘው ከቀጥተኛ የፀሐይ ጨረር ነው። በአውሮፓ ያሉ ሰዎች ለዚሁ ሲሉ ልዩ መብራት በብዙ ገንዘብ ይገዛሉ፤ በአዲስ አበባ ግን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ድረስ በነጻ ይገኛል። ይህ ጨረር በመስኮት መስተዋት ውስጥ እንደማያልፍ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ በመስተዋት በኩል ፀሐይ የምትሞቅ ኤሊ ሙቀቱን እንጂ ጥቅሙን አታገኝም። የሚከፋው ሌሊቱና ክረምቱ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ዝናሙና ደመናው ቀኑንም ያቀዘቅዙታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያገለገለው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ የነበረበትን ሜዳ የሚያውቅ ሰው፣ በዚያ በኩል የሚነፍሰውን ነፋስም ያውቃል።

ኤሊን ከመጠለያ ወይም ከሌላ ግቢ የሚረከብ ሰው ወራቱን መምረጥ ከቻለ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ድረስ ባለው ጊዜ ይረከብ። በሰኔ የተረከበ ግን ሦስት ወር ሙሉ በቤት ውስጥ ሊያሞቃት መዘጋጀቱን አስቀድሞ ይመርምር።

ስለ ማደሪያዋ

ማደሪያው ኤሊዪቱ ከመምጣትዋ በፊት ተሠርቶ መድረቅ አለበት። መጥታ ሳለች መሥራት፣ የመዶሻ ድምፅና የሠራተኛ ግርግር በመካከልዋ ማምጣት አይገባም።

ለመዋያዋ ፀሐይ ከጧት ጀምሮ የሚያገኘው፣ ውሃ የማይቋጥር ተዳፋት መሬት ይመረጥ። ለአንዲት ያደገች ኤሊ ከ40 ካሬ ሜትር ባያንስ መልካም ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት ከዚህ ከሩብ የማይበልጠውን ብቻ ከልሎ መስጠትና ቀስ በቀስ ማስፋት ይሻላል። ሰፊ ግቢ በአንድ ጊዜ የተለቀቀች እንግዳ ኤሊ ቀኑን ሙሉ አጥር ለአጥር ስትሄድ ትውላለች፤ ማደሪያዋንም አታውቀውም፤ ሲመሽም ብርድ ባገኛት ጥግ ታድራለች። አጥሩ ከሽቦ ይልቅ ከድንጋይ፣ ከሳንቃ ወይም ከግንብ ይሁን፤ ኤሊ አሻግራ የምታየውን ነገር ሁሉ ማለፍ የምትችለው ይመስላታልና በሽቦ ላይ አፍንጫዋ እስኪደማ ትገፋለች። ዳር ዳሩን ቁጥቋጦ መትከልም ይገባል። ነብርማ ኤሊ ራስዋ ጉድጓድ የምትቆፍር አይደለችም፤ በቁጥቋጦ ሥር ወይም ሌላ አውሬ በተወው ጉድጓድ ትሸሸጋለች። መሸሸጊያ ያጣች ኤሊ አትለምድም።

የሌሊት ማደሪያዋ ከሳንቃ የተሠራ፣ ወለሉ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያለ፣ በሩ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ትንሽ ቤት ይሁን። በሩ ላይ መወጣጫው አቀበት እንዳይሆንባት ሰፊ ሳንቃ ይጋደም። ቆርቆሮ ብቻውን አይበቃም፤ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ከቆርቆሮው በታች ሳንቃ ወይም ወፍራም ክዳን ይደረግበት። ለመኝታዋ ደረቅ ድርቆሽ ወይም የጤፍ ጭድ ጥሩ ነው፤ እርጥበት ከነካው ግን በዚያው ቀን ይለወጥ፤ የሻገተ ጭድ ሳንባዋን ይጎዳልና።

በዚህ ቤት ውስጥ ሌሊቱን ሙቀቱ ከ18 ዲግሪ በታች ባይወርድ፣ ቀን በምትሞቅበት ሥፍራ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ቢደርስ ለጤናዋ ይስማማታል። ከዘበኛ ግምት ይልቅ በጥቂት ገንዘብ የሚገዛ ቴርሞሜትር ከወለሉ አጠገብ ይሰቀል። የኤሌክትሪክ ኃይል ያለው ሰው ብርሃን ሳይሰጥ የሚሞቀውን የሸክላ ማሞቂያ ወይም ተራ አምፑል ከላይ በኩል፣ ልትነካው በማትችልበት ከፍታ ያድርግላት። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ደግሞ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገብዋ ማስቀመጥ ይረዳል። ከሰል በምድጃ አቀጣጥሎ በተዘጋ ቤት ማስገባት ግን ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ጭሱ የማይታይ መርዝ አለው፤ ኤሊዪቱንም፣ በዚያ ቤት የሚያድረውንም ሰው ይገድላል።

በግቢው ውሻ ካለ ስለ እርሱ ብዙ ማሰብ ያስፈልጋል። ለብዙ ዓመት ዝም ብሎአት የኖረ ውሻ አንድ ቀን እንደ አጥንት ይዞ ሲያኝካት የተገኘበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሌሊት በከተማዪቱ የሚዘዋወረው ጅብም መንጋጋው ቅርፊትዋን ይሰብራል። ስለዚህ ሲመሽ በርዋ ይዘጋ፤ ቁልፉም በአንድ በታወቀ ሰው እጅ ይሁን። ትንሽ ኤሊ ከሆነች ቁራና አይጥ እንዳያገኙአት ከላይ በኩል መረብ ይደረግላት። ቀጥ ያለ ጠርዝ ያለው ኩሬ፣ የተከፈተ ጉድጓድና ከፍ ያለ ደረጃ ይከለሉ፤ በጀርባዋ ተገልብጣ በፀሐይ የቀረች ኤሊ መነሣት ካቃታት በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች።

እንዳትጠፋ በማለት የቅርፊትዋን ጠርዝ በስተው ገመድ የሚያስሩ፣ ወይም በቀለም ስም የሚጽፉባት ሰዎች አሉ። ቅርፊት ከአካልዋ ጋራ የተያያዘ ሕያው አጥንት ነው፤ ደምም ስሜትም አለው። መብሳቱ ቁስልንና መግልን ያመጣል፤ ስለዚህ ሹማምት በየግቢው ቢያዩት ሊከለክሉት ይገባል።

በልደታ በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። በዚያ ስላሉ ሰዎች አሳባችንን በግልጽ እንናገራለን፤ በሰገነትና በሴራሚክ ወለል ላይ ነብርማ ኤሊ ልትኖር አይገባትም። ትንሽ ሳለች የምትበቃ ትመስላለች፤ ስታድግ ግን ከ10 ኪሎ በላይ ትመዝናለች፤ ያን ጊዜ የሚቀበላት አይገኝም።

ስለ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ኤሊን ማንሣት ሲያስፈልግ በሁለት እጅ፣ በጎንና በጎን ይዞ፣ ሆድዋን ወደ ምድር እንዳደረገች በዝግታ ነው። በድንገት የተነሣች ኤሊ በፊኛዋ ያጠራቀመችውን ውሃ ከፍርሃት የተነሣ ትለቀዋለች፤ ሰዎች ይስቁበታል፤ ለቆላ እንስሳ ግን ይህ ለደረቅ ወራት ያኖረችው ስንቅዋ ነው። በመንገድም ላይ አየር በሚያገኝ ጨለማ ሣጥን ውስጥ ብቻዋን ትሁን፤ በመኪና የዕቃ መጫኛ ላይ በነፋስ ተጥላ አትምጣ።

እንደ ደረሰች፣ ገና ለቤተሰቡ ሳትታይ፣ ለብ ባለ ውሃ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ትቀመጥ። ውሃው ከአገጭዋ በታች ይሁን፤ ሙቀቱም በክርን ሲነኩት የማይፋጅ፣ የማይቀዘቅዝ ይሁን። በዚህ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ድረስ ትቆይ። ብዙውን ጊዜ አንገትዋን ዘርግታ ትጠጣለች፤ ነጭ ጭቃ የሚመስል ነገርም ታስወጣለች፤ ይህ የሽንትዋ ዝቃጭ ነው። እንደ አሸዋ ከሻከረ ግን ብዙ ቀን ውሃ እንደ ጠማት ያስረዳል። ከዚያ በኋላ በደንብ ደርቃ ወደ ሞቀው ማደሪያዋ ትገባለች። ይህ በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ፣ በኋላም በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይደረግ፤ ፀሐይ በወጣበት ሰዓት እንጂ ማታ አይደረግ።

ከዚህ በቀር የሚያስፈልጋት መተው ነው። ምግብና ውሃ የሚያቀርብላት አንድ ሰው ይመደብ፤ ያውም ሰው በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይምጣ፤ አስቀምጦም ይመለስ። እንግዳ እንዳይመጣ፣ ልጆችም እንዳያነሥዋት ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ይከልከል። ለአባወራው ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ትእዛዝ ሳይሆን አይቀርም፤ አዲስ ነገር ያገባ ሰው ሊያሳይ ይወዳልና። ልጆች ከፈለጉ ከሩቅ ተቀምጠው የምታደርገውን ይመልከቱ፤ በደብተርም ይጻፉ፤ ይህ ለእነርሱም ትምህርት ነው። ከነኩአት ግን እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ጤነኛ የምትመስል ኤሊ እንኳ ሳልሞኔላ የሚባለውን የተቅማጥ ተሕዋስ በአንጀትዋ ልትይዝ ስለምትችል፣ ሳፋዋም በወጥ ቤት አይታጠብ።

ያደገች ኤሊ ሙቀትና ውሃ እስካላጣች ድረስ ለአንድ ሳምንት ያህል ባትበላ የሚያስደነግጥ አይደለም። የምትሸሸግ፣ በአጥር ሥር የምትመላለስ፣ ሰው ሲቀርብ እየነፋች ራስዋን የምትሰበስብ ብትሆን ይህም የእንግድነት ጠባይ ነው። መልመድዋ የሚታወቀው ጧት ያለ ቀስቃሽ ወጥታ ፀሐይ ወደሚያርፍበት ሥፍራ ስትሄድ፣ ማታም ራስዋ ወደ ቤትዋ ስትመለስ ነው። ጫጩትዋ ግን አቅም የላትም፤ ሦስት ቀን ካልበላች ለሐኪም ትታይ።

ስለ ምግብዋ

ነብርማ ኤሊ ሣር የምትግጥ እንስሳ ናት። ከግቢ የበቀለ ሰርዶ፣ ማገጥ፣ ድርቆሽና ልዩ ልዩ ቅጠላ ቅጠል ከምግብዋ አብዛኛውን ክፍል ሊሆኑ ይገባል። የስኳር ድንች ቅጠል፣ የዱባ ቅጠልና አበባ፣ እሾሁ የተላገ የበለስ ቅጠልም ይስማማታል። ጎመንና ሰላጣ አልፎ አልፎ እንጂ በየቀኑ አይሁን፤ ቆስጣም ካልሲየምን የሚያስር አሲድ ስላለበት ጥቂት ብቻ። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ወተት፣ ሥጋና የውሻ ምግብ አይሰጡአት፤ ሙዝና ፓፓያም ትወዳቸዋለች ተብሎ ዘወትር ማቅረብ ሆድዋን ያበላሻል። በገብስ እንደሚሰባ በሬ ኤሊን ለማወፈር የሚሞክር ሰው ቅርፊትዋ ጉብጉብ እያለ ሲያድግ ያያል።

በዱር ሳለች የደረቀ አጥንትና የጅብ ኩስ ስትቆረጥም ትታያለች፤ ይህ ካልሲየም ፍለጋ ነው። በግቢ ግን የተቀቀለ የእንቁላል ቅርፊት ወቅጦ በቅጠሉ ላይ መነስነስ በቂ ነው። የግንብ ኖራ የሚያበሉ ሰዎች አሉ፤ ይህ አፍዋንና ጉሮሮዋን ያቃጥላል።

ስለ በለስ ስንናገር አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በአንዳንድ አገር በለስን የባሕር ቁልቋል ስለሚሉት፣ ሠራተኛ ቁልቋል አምጣ ቢባል አጥር የሚሆነውን ወተታማውን ቁልቋል ቆርጦ ሊያመጣ ይችላል። የዚህ ወተት ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ነው። ጉሎ፣ አስተናግርና የወፍ ቆሎም ከመዋያዋ ተነቅለው ይጣሉ። በአትክልቱ ላይ የአረም ወይም የነፍሳት መድኃኒት የተረጨ ከሆነ ከዚያ ሣር አትግጥ።

ስለ መዥገርና ስለ መድኃኒት

እንግዴህ ለከብት ባለቤቶች ዋናው ነገር ይህ ነው። ከዱር የመጣች ኤሊ በእግርዋና በአንገትዋ ሥር፣ በጅራትዋም ዙሪያ መዥገር ይዛ ትመጣለች። ከእነዚህ መዥገሮች አንዳንዶቹ በፈረንጅ አፍ ሃርትዎተር የሚባለውን፣ ከብትን፣ በግንና ፍየልን የሚገድል በሽታ ሊያስተላልፉ የሚችሉ ናቸው። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 ነብርማ ኤሊን ጨምሮ ሦስት ዓይነት የአፍሪቃ ኤሊዎች ወደ አገሩ እንዳይገቡ ከልክሎአል። ባሕር ማዶ ያለ አገር ስለ ላሞቹ ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ በአንድ ግቢ ላምና ኤሊ የሚያኖር ሰው ችላ ሊል አይገባውም።

ስለዚህ እንደ ደረሰች፣ ከውሃው በኋላ በደህና ብርሃን ትመርመር። መዥገሩ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ተይዞ ቀጥ ብሎ ይሳብ፤ በአልኮል ውስጥ ተጨምሮ ይሙት እንጂ በግቢ አይጣል። በመዥገሩ ላይ ነጭ ጋዝ ማፍሰስ ቆዳዋን ያቃጥላል። ምርመራው ለአንድ ወር በየሁለት ቀኑ ይደገም፤ እስከዚያ ድረስ ከከብት በረት የራቀች ትሁን። በግቢው ቀድሞ የኖረች ሌላ ኤሊ ካለችም አዲሲቱ ቢያንስ ስድስት ወር ለብቻዋ ትቆይ፤ የአንዲቱ ዕቃ ለሌላዪቱ አይሁን።

ከሁሉ በላይ የከብት መድኃኒት ለኤሊ አይሰጣት። አይቨርሜክቲን የሚባለው፣ በየገጠሩ ለበግና ለከብት ትልና መዥገር የሚወጋው መድኃኒት፣ ኤሊን ሰውነትዋን አሽመድምዶ ይገድላታል። መጠኑን ቀንሶ መውጋትም አያድናትም። ይህን የወረዳ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ሁሉ እንዲያውቁት አስተዳዳሪዎች ቢያስነግሩ መልካም ነው፤ በበጎ አሳብ የሚሠራ ስሕተት ነውና።

ሐኪም ሳይውል ሳያድር የሚጠራባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤ ከአፍንጫ አረፋ ወይም ንፍጥ፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ የዓይን ማበጥ ወይም ወደ ውስጥ መግባት፣ የቅርፊት መለስለስ። ኤሊ እንደ እኛ ሳል የላትም፤ በሳንባዋ የገባውን ፈሳሽ አውጥታ ልትጥል ስለማትችል፣ ጉንፋን የሚመስለው ነገር ቶሎ ወደ ሳንባ ምች ይለወጣል። ሐኪም እስኪመጣ ድረስ ሌሊትም ጭምር ሙቀትዋ ከፍ ይበል፤ ወደ ውጭም አትውጣ። በልደታ አካባቢ የኤሊ ልምድ ያለው ሐኪም ካልተገኘ በቢሾፍቱ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ መጠየቅ ይቻላል።

ስለ መዝገብዋ

ለኤሊዪቱ አንድ ደብተር ይከፈት። በመጀመሪያው ገጽ የመጣችበት አገር፣ ቀኑ፣ የፈቃዱ ወይም የአደራው ወረቀት ቁጥር ይጻፍ፤ ቀጥሎ በየሳምንቱ በአንድ ቀን ተመዝና ክብደትዋ ይግባ። በዓይን ሲያዩአት ምንም ያልተለወጠች ኤሊ በሚዛን ላይ መክሳትዋ ይታወቃል፤ ሦስት ሳምንት ተከታትሎ የቀነሰ ክብደት ከማናቸውም ምልክት ይቀድማል። ጾታዋም በሐኪም ሲረጋገጥ ይጻፍ፤ የወንዱ ሆድ ወደ ውስጥ የጎደጎደ፣ ጅራቱም የረዘመ ነው፤ ሁለት ወንዶች በአንድ ግቢ ከሆኑ እየተጋጩ ይገለባበጣሉ።

በመጨረሻውም ገጽ ከባለቤቱ በኋላ ማን እንደሚረከባት ይጻፍ። ነብርማ ኤሊ ከ50 ዓመት በላይ ትኖራለች። ዮናታን የተባለው፣ በወገን ሌላ የሆነው ትልቅ ኤሊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1882 ወደ ቅድስት ሄሌና ደሴት ሲመጣ ሙሉ አካል ነበረ፤ ከዚያም ወዲህ በአገረ ገዥው ቤት ግቢ አገረ ገዦች እየተለዋወጡ ከ140 ዓመት በላይ ኖሮአል። በመሥሪያ ቤት ግቢ ያለች ኤሊ ከሆነች ሹም በተሻረና በተሾመ ቁጥር ከዕቃው መዝገብ ጋራ ደብተርዋም በፊርማ ርክክብ ይደረግበት፤ የሌሊት ቤትዋን ቁልፍ የሚይዘው ሰው ስምም በዚያው ይመዝገብ።